ቆሞ ከቀረ መኪና ላይ ዕቃ ሲወጣ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ለዓመታት ከቆመ መኪና ላይ የሚባክነው ዕቃ አብዛኛው ዝገት የበላው አይደለም፤ ሲፈታ የተሰበረ ነው። ደህናው ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው) ሶኬቱ ተበጥሶ ይወጣል። ደህናው ኮምፒውተር (ሞተሩን የሚቆጣጠረው) ያለ መኪናው ቁልፍ ይወጣል። ደህናው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የተበጠሰ ቡሎን ውስጡ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከታች ደጋግመን የምንለው አንድ ነገር አለ፦ ዕቃው ከነጓደኞቹ ይውጣ፤ ከነቡሎኑ፣ ከነመያዣው፣ ከነሶኬቱ።

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠናቀቅ። መኪናው ስለቆመ ብቻ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርም መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። በአብዛኛው ዘመናዊ መኪና ላይ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰሌዳ አይንኩት፤ ከመኪናው ጋር ይሂድ።

ሁለተኛው አነሳሱ ነው። የቆመ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የቆመው ለስላሳ አፈር ላይ ነው፣ ክሪክም ይሰምጣል። ከክሪኩና ከብረት መደገፊያው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ ያድርጉ። ጡብና ብሎኬት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በአንዴ ይፈርሳሉ፤ አይጠቀሙባቸው። ጎን ሥር ያለውን የክሪክ መንከሻ ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርገው ይሞክሩት፤ ጫፉ ከገባ ብረቱ ተበልቷልና በሌላ ጠንካራ ቦታ ያንሱት። የጎማ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ላይ እያለ ያላሉ።

ቡሎኑ አይፈታም፣ ወይም ጭንቅላቱ እየተበላ ነው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደውና ብዙ ዕቃ የሚያጠፋው ይኸው ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ በጥርስና በጥርስ መካከል የነበረችውን ክፍተት ይሞላና ቡሎንና ዳዶውን እንደተበየደ ያጣብቃቸዋል። ጭንቅላቱ የሚበላው ግን በአብዛኛው በቁልፉ ጥፋት ነው። ባለ 12 ማዕዘን ቁልፍ ጠርዙን ብቻ ስለሚይዝ በዝገት የሳሳውን ጠርዝ ይልጠዋል። ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ (ጭንቅላቱ ላይ የሚጠልቅ ቁልፍ) ጎኖቹን ስለሚይዝ ለዛገ ቡሎን የሚሆነው እሱ ነው። ቡሶላው ከመግባቱ በፊት ጭንቅላቱን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት፤ ያልጸዳ ቡሎን ላይ ቁልፉ ጠልቆ አይቀመጥም።

ማታ የዝገት ማላቀቂያ ይንፉበት፣ ጠዋት ይድገሙት። ከዚያ ጭንቅላቱን በመዶሻ 10 ወይም 15 ጊዜ መታ መታ ያድርጉት፤ ንዝረቱ ዝገቱን ሰነጣጥቆ ለፈሳሹ መንገድ ይከፍታል። የመጀመሪያው ሙከራ ለመፍታት ሳይሆን በጥቂቱ ለማጥበቅ ይሁን። ከላላ በኋላም ሩብ ዙር ፈትተው መልሰው ያጥብቁ፣ ዘይት ይጨምሩ፣ ትንሽ አልፈው ይፍቱ። በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው መፍታት የዝገቱን ዱቄት ጥርሱ ውስጥ ጨምቆ እንደገና ያስነክሰዋል።

እዚህ ላይ እጅና ጆሮ ከመለኪያ ይበልጣሉ። ሊፈታ ያለ ቡሎን «ጭርቅ» ብሎ በድንገት ይለቃል፣ ሌቫውም (የቁልፉ እጀታ) ይዘላል። ሊበጠስ ያለ ቡሎን ግን ድምፅ የለውም፤ እንደ ማስቲካ እየተሳበ፣ በቀላሉ የሚዞር መስሎ ይሄዳል። ይህ ልስላሴ እንደተሰማዎት ያቁሙና ወደ እሳት ይሂዱ። የሚሞቀው ዳዶው ወይም ቡሎኑ የገባበት አካል እንጂ ቡሎኑ አይደለም፤ ውጪያዊው ሲሰፋ ነው የሚለቀው። የነፉትን ማላቀቂያ መጀመሪያ ይጥረጉ፣ ይቀጣጠላልና። ከሞቀ በኋላ የሻማ ሰም መጋጠሚያው ላይ ሲያስነኩት ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሰርጋል። በነዳጅ መስመር፣ በኤርባግና በጎማ አጠገብ እሳት አይቀርብም።

ተበጥሶ ጉቶ ከቀረ፣ ጉቶው ላይ ዳዶ አጥልቀው ውስጡን ይበይዱት፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ከገጹ እኩል ከተበጠሰ ትክክለኛ መሃሉን በሹል ብረት ነጥበው በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ይብሱት። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ጉቶውን የሚፈታውን የቡሎን ማውጫ አያስገድዱት፤ ውስጥ ከተሰበረ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ መብሻ አይበሳውም።

አንድ ነገር አይርሱ፦ ይህ ጥገና አይደለም። ሻንሲው ወደ ማቅለጫ የሚሄድ ነው። ቡሎኑ የሚይዘው የሚቀረውን አካል ከሆነ ሰዓት አያጥፉበት፤ በሚጣለው በኩል ይቁረጡትና ዕቃውን ያድኑ። የማርሚታ ቱቦ፣ የራዲያተር ጎማ ቱቦ፣ የዛገ መያዣ ሁሉ የሚቆረጠው በሚጣለው ወገን ነው።

ሞተሩ በእጅ አይዞርም

ሞተሩ ተጣብቋል ብለው ከመፍረድዎ በፊት ካምቢዮውን ዜሮ ላይ ያድርጉና ቺንጋውን ያውልቁ። ብዙ ጊዜ የነከሰው የኤሲ ኮምፕረሰሩ ወይም የውሃ ፓምፑ ይሆናል። ቺንጋው ወጥቶም ካልዞረ፣ ቫልቩ ተከፍቶ በቆመበት ሲሊንደር እርጥበት ገብቶ የፒስተኑን ቀለበት ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል ማለት ሊሆን ይችላል።

በካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን በብልጭታ በሚያቀጣጥሉት) ዙሪያ ያለውን አፈር በአየር ነፍተው ካንዴላዎቹን ያውጡ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር 30 ሚሊ ሊትር ያህል የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል የተቀላቀለ ያፍስሱና 2 ወይም 3 ቀን ይተዉት፤ ድብልቁ ተቀጣጣይ ነው። ከዚያ በትልቁ ፑሌጃ (ቺንጋው በሚዞርበት መንኮራኩር) መሃል ባለው ቡሎን ላይ ረጅም ሌቫ አስገብተው በዋናነት ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ እየገፉ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት። በሞተሪኖ (ሞተሩን በሚያስነሳው) ለማላቀቅ አይሞክሩ። መዞር ሲጀምር የካንዴላ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ከልለው ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ያዙሩት፤ ፈሳሽ ውስጥ ቀርቶ ካንዴላ ከተዘጋበት የፒስተኑን ክንድ ያጥፋል።

የመጭመቅ ኃይሉን ሲለኩ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ። አንዱ ከሌሎቹ ከ20 በመቶ በላይ ካነሰ በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙት፦ ከጨመረ ችግሩ ቀለበቱ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ከሳምንት በኋላም ያልተነቃነቀ ሞተር በሙሉነቱ አይሸጥም፤ ቴስታታው፣ ኢንጀክተሮቹ፣ ኮይሎቹና ሴንሰሮቹ ግን ይተርፋሉ።

ዘይቱ ወተት መስሏል

ወተቱ ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ከሆነ የአየር እርጥበት ነው፤ አያስደነግጥም። በመለኪያ ዘንጉ ላይም ካለ ውሃ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ገብቷል። የኮፓውን ቡሎን ቀስ ብለው ያላሉ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበላ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ቴስታታውን አውርደው ቀጥ ያለ ብረት ያጋድሙበትና ከሥሩ ያለውን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ይፈትሹ፤ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ድረስ ብዙ አምራቾች ይቀበሉታል። ከዚያ በላይ የተጣመመውን ለገዢ ሳይደብቁ ይናገሩ።

ዲናሞና ሞተሪኖ፦ ይሠሩ አይሠሩ አይታወቅም

ዲናሞውን በእጅ ሲያዞሩት እንደ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ከሰጠ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ነው፤ ኩሽኔታ ይለወጣል፣ ዲናሞው አይጣልም። ውስጡን ለማወቅ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርገው ካርቦኖቹ የሚነኳቸውን ሁለት ቀለበቶች ይለኩ፦ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ኦም መሆን አለበት። ከቀለበቱ ወደ ዘንጉ ግን ምንም ግንኙነት አይኑር። የዛጉ ቀለበቶች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳሉ። ሠርቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይሰጣል።

ሞተሪኖውን በሞርሳ (በጠረጴዛ መንከሻ) አጥብቀው ይያዙት፤ ሲነሳ ይገፈትራል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ከአካሉ፣ ፖዘቲቩን ከትልቁ ቡሎን ጋር በወፍራም ገመድ ያገናኙ፣ ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሿ ተርሚናል በሽቦ ያስነኩ። ጥርሱ ወደፊት ወጥቶ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ በውስጡ ያለው የመዳብ መገናኛ ተቃጥሏል ወይም ካርቦኑ አልቋል፤ ሁለቱም የሚታደሱ ናቸው።

የመኪናውን የራሱን ባትሪ ለዚህ ሙከራ አይመኑት። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው፤ ቻርጅ ተደርጎም 10.5 ላይ ከቀረ ከ6ቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል። እሱ ከነአሲዱ ወደ ባትሪ መልሶ ማምረቻ ይሂድ።

ኮምፒውተሩ ሌላ መኪና ላይ ሲገጠም ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል

ሰከንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ሠርቶ መጥፋት፣ ክሩስኮቱ (ከሾፌሩ ፊት ያለው የጠቋሚዎች ሰሌዳ) ላይም የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት፦ ይህ የስርቆት መከላከያው ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን ቁልፍ ቺፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያወጡት ቁልፉን፣ የቁልፍ ማስገቢያውን፣ በዙሪያው ያለችውን የአንቴና ቀለበት፣ በአንዳንድ መኪናም ክሩስኮቱን ጭምር በአንድነት ያውጡ። ቁልፉ ከጠፋ ያለ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይሠራም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። በኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ገዢ የሚያመሳክረው እሱን ነው።

የሶኬቶቹ ምላስ እየተሰበረ ነው

ሙቀት ለዓመታት ያደረቀው ፕላስቲክ ሲጫኑት ይፈረካከሳል። ሶኬቱን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፤ ምላሱ ላይ ያለው ጫና ይላላል። ከዚያ ምላሱን ተጭነው ይሳቡ፣ ሽቦውን ይዘው ግን በጭራሽ አይሳቡ። ካልሆነ በፀጉር ማድረቂያ አንድ ደቂቃ ያሙቁት፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ሶኬቱን ከነሽቦው ማስቀረት ከፈለጉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ተውለት፤ አጥሮ የተቆረጠ ሶኬት መቀጠያ የለውም።

ፒኖቹ አረንጓዴ ከሆኑ ውሃ ገብቷል። የፊት ወንበሩን የደህንነት ቀበቶ እስከ መጨረሻው ይሳቡት፦ የጭቃ መስመር ከታየበት መኪናው ጎርፍ ውስጥ ነበር። ምንጣፉን ገልጠው መስመሩ እስከ የት እንደደረሰ ይዩ፤ ከዚያ መስመር በታች የነበረ ኤሌክትሮኒክስ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይከዳል፤ ይተዉት።

የአይጥ ኩስ ካለ ደረቁን አይጥረጉ፤ ትቢያው በሳንባ ይገባል። አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ቀላቅለው ያርሱት፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ያንሱት።

የነዳጅ ፓምፑ አይሠራም

የቆየ ቤንዚን የቫርኒሽ ሽታ ያመጣል፤ ቀላሉ ክፍሉ ተኖ የቀረው ሙጫ ፓምፑን ያጣብቀዋል። ነዳጁን በእጅ ፓምፕ ያውጡ፣ በአፍ አይሳብ። ሽታው ከአየር የከበደ ስለሆነ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ርቆ ያለ ብልጭታም ይደርሰዋል። ባዶ የቤንዚን ጋን ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳልና በግራይንደርም በእሳትም አይቆረጥ። በሙጫ የተያዘ ፓምፕ አንዳንዴ በንጹሕ ቤንዚን ውስጥ አድሮ ይነቃል፤ ለሽያጭ ግን አይመከርም።

ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ

ጎማው ጎን ላይ «DOT» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ያሉት 4 አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፦ 2319 ማለት በእ.ኤ.አ. 2019 23ኛው ሳምንት ነው። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቸርኬው (ጎማው የሚለብሰው ብረት) ብቻ ይወሰዳል። የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማ ቱቦ አይወሰዱም። ዲስኩ ላይ የታተመውን ትንሹን ውፍረት አይተው በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ፤ ላይ ላዩን የዛገ ይጸዳል፣ የተቦረቦረ ይቀራል። ማኑዋል ካምቢዮ በእጅ እየዞረ እያንዳንዱ ማርሽ ይሞከራል። የአውቶማቲኩ ዘይት ከቀይ ይልቅ ቡናማ ሆኖ የማረር ሽታ ካለው ውስጡ አልቋል።

እጅ የማይነካቸው

ኤርባግ በባትሪ መነቀል ብቻ አይሞትም፤ መሣሪያው ኃይል ያከማቻል። ኔጌቲቩን ነቅለው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቴስተር አያስነኩት፣ አውጥተው ሲያስቀምጡ ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን። የቀበቶ ማጥበቂያውም ፈንጂ አለው። ለሌላ መኪና ለመግጠም ሁለቱንም አያውጡ። የፊት አሞርዛተሩ (ንዝረት ማብረጃው) ከነሞላው በላይኛው ዙሪያ ባሉት ዳዶዎች ተፈትቶ በአንድነት ይውጣ፤ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የመሃሉ ዳዶ ከተፈታ ሰው ይገድላል። የኤሲ ጋዝ በማሽን ይሰብሰብ እንጂ ወደ አየር አይለቀቅ። ብርቱካናማ ገመድ ያለው ሃይብሪድ መኪና በመቶዎች ቮልት ስለሚይዝ ለሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

ሲወጣ ደህና የነበረ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተበላሸ

ይህ የሚያናድደው ችግር ነው፤ ምክንያቱም ድካሙ ካለቀ በኋላ ይመጣል። የተላገ ብረት ባዶውን ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይዝጋል፤ በዘይት ይቅቡት። የኮምፕረሰር፣ የመሪ ፓምፕና የካምቢዮ ቀዳዳዎችን በክዳን ወይም በፕላስቲክና በማጣበቂያ ይዝጉ። ጨርቅ አይጎስጉሱ፤ እርጥበት ይስባል፣ ክሩም ውስጥ ይቀራል። የእያንዳንዱን ዕቃ ቡሎንና ሮንዴላ በየከረጢቱ አድርገው የመኪናውን ዓይነት፣ ዓመቱንና የትኛው ጎን እንደሆነ ይጻፉ። ከረጢቱን በሽቦ ዕቃው ላይ ይሰሩት፤ በቀለም ብቻ የተጻፈውን ዘይት ያጠፋዋልና ወረቀቱ ከረጢቱ ውስጥ ይግባ።