ፊቷ ልክ ነው፣ ነጠላዋ ግን ሰማያዊ፦ የስቱዲዮ ፍላሽ የቀለም ችግሮችና መፍትሄያቸው

የሀበሻ ቀሚስ በፍላሽ የሚያነሳ ሰው የቀለም ስህተት መደበቂያ የለውም። ነጩ ትንሽ ካዘነበለ ማንም ያየዋል። ያኔ ብዙዎቻችን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ላይትሩምን ከፍተን ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ እንዲሆን የፎቶውን ቀለም የሚያሞቀውን ወይም የሚያቀዘቅዘውን ማስተካከያ) መጎተት ነው የሚቀናን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስሠራ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ፎቶው ውስጥ የገባው የየትኛው መብራት ብርሃን እንደሆነ ነው።

ቀለሙ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል

መብራቱን ማንም አልነካውም፤ አንዱ ፎቶ ሞቅ ብሎ፣ ቀጣዩ ቀዝቅዞ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አውቶ ዋይት ባላንስ ነው። ካሜራው ቀይ ካባ ሲያይ አንድ ግምት፣ ነጭ ነጠላ ሲያይ ሌላ ግምት ይወስዳል። ዋይት ባላንሱን ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ላይ አድርጋችሁ 5500 ወይም 5600 ላይ ቆልፉት። የስቱዲዮ ፍላሽ ብርሃን በአብዛኛው እዚያ አካባቢ ነው። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው የፎቶ ፋይል) ማንሳትም አትርሱ።

ቆልፋችሁትም ከተለያየ ፍላሹ ሳይሞላ እያነሳችሁ ሊሆን ይችላል። የ"ዝግጁ ነኝ" ድምፁን ጠብቁ።

ጥላው ብቻ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነው

ሌላ ብርሃን ገብቷል ማለት ነው፤ የጣሪያ አምፖል፣ መስኮት ወይም የፍላሹ የራሱ ሞዴሊንግ ላምፕ (ፍላሹ ላይ ያለማቋረጥ የሚበራው አምፖል)። ሃሎጅን ከሆነ 3000 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ በደንብ ቢጫ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ሌላ ምንም ሳትቀይሩ፣ ሞዴሊንግ ላምፑም እንደበራ፣ ፍላሹ ብቻ እንዳይተኮስ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ድፍን ጥቁር መውጣት አለበት። የሆነ ነገር ከታየ የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/160 ሰከንድ አድርጉ።

ጥቁር ወጥቶም አረንጓዴው ካልለቀቀ ግድግዳውን እዩ። የመጀመሪያ ስቱዲዮዬ የኪራይ ሳሎን ነበር፤ የግድግዳው የታችኛው ግማሽ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ። ወደ ግድግዳው የዞረ ጉንጭ ሁሉ የታመመ ይመስል ነበር። ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ፤ በቀጣዩ ፎቶ ጠፋ።

ፊት ልክ ነው፣ ነጩ ልብስ ሰማያዊ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናትና ልጅ አብረው ሊነሱ መጡ። የእናት ነጠላ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ፎቶው ላይ የወተት ስልባቦት መሰለ። የልጅቷ አዲስ ቀሚስ የፋብሪካ ክር ነው፤ ፎቶው ላይ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። ዋይት ባላንሱን ወደ ቢጫ ጎተትኩት። ቀሚሱ ነጣ፤ የሁለቱም ፊት እርድ የተቀባ መሰለ፤ የእናት ነጠላም ሻይ የፈሰሰበት ሆነ።

ምክንያቱ ጨርቁ ውስጥ ነው። በብዙ የፋብሪካ ክርና በልብስ ሳሙና ውስጥ ማንጫ ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ፍላሽ ደግሞ አልትራቫዮሌት ይወጣዋል፤ በተለይ ብርሃን የሚሰጠው ቱቦው የአልትራቫዮሌት መከላከያ ያልተቀባ ከሆነ።

ስለዚህ ዋይት ባላንሱን ለፊት አስተካክላችሁ ተዉት። ቀሚሱን ብቻ በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ መምረጫ) ምረጡና የሰማያዊውን ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ቀንሱ። ጥለቱ ሰማያዊ ካለው ከማስኩ አውጡት፤ አለዚያ ሸማኔው የደከመበት ቀለም ይገረጣል። ዘላቂው መፍትሄ መከላከያ የተቀባ ቱቦ መግዛት ወይም ፍላሹ ላይ አልትራቫዮሌት የሚያስቀር ፊልተር ማድረግ ነው።

በፎቶ ኮፒ ወረቀት ዋይት ባላንስ አትውሰዱ የምለውም ለዚሁ ነው። ወረቀቱ ውስጥ ያው ማንጫ አለ፤ ካሜራው ሰማያዊውን ሊያጠፋ ሲል ፊቱን ያስቢጫል። ግሬይ ካርድ (ለዚሁ የተሠራ ግራጫ ካርድ) ተጠቀሙ። ተነሺው ፊቱ አጠገብ ይያዘው፣ ዋናው ፍላሽ በደንብ ይምታው፣ ነጭ እስኪሆን ግን አይቃጠል።

አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ነጭ

የሁለቱን ሶፍትቦክሶች (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሱትን ሳጥኖች) ሽፋን አውልቃችሁ መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን ያዟቸው። ያረጀው ጨርቅ ቢጫ መሆኑ ያኔ ይታያል። ሽፋኑን ቀይሩት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ፎቶው ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀው ናይት ላይት በርቶ እንዳይሆን እዩ።