የጎብኚ መቁጠሪያ በድረ ገጽዎ ላይ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ፔንሲዮን ያለው፣ ከመንዝ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና በርኖስ እያመጣ የሚሸጥ፣ አንኮበር አካባቢ እንግዳ የሚያሳርፍ ሰው ዛሬ ድረ ገጽ ቢያሠራ ብርቅ አይደለም። የሠራለት ልጅም አብዛኛውን ጊዜ ጉግል አናሊቲክስ የሚባለውን የጎብኚ መቁጠሪያ አስገብቶ ያስረክበዋል፤ ነጻ ስለሆነ እምቢ የሚል የለም። ችግሩ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ባለቤቱ ማስታወቂያ ሊያሠራ ወይም ተጨማሪ ዕቃ ሊያስመጣ ሲያስብ ቁጥሩን ይከፍታል፤ ቁጥሩ ግን የተዛባ ነው። አናሊቲክስ ደግሞ ያለፈውን ወደ ኋላ ተመልሶ አያርምም። ዛሬ ያስተካከሉት ነገር የሚሠራው ከዛሬ በኋላ ለሚመጣው ጎብኚ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህን ስህተቶች ገና ከጅምሩ መያዝ ያስፈልጋል።

አካውንቱን በሌላ ሰው ኢሜይል መክፈት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «ጋሼ፣ ችግር የለም፤ በኔ ኢሜይል ከፍቼ እጨርስልዎታለሁ» ይላል ልጁ። የሚለውም በቅንነት ነው፤ ባለቤቱ ጂሜይል የለውም ወይም የይለፍ ቃሉን ረስቶታል፣ ሥራው ደግሞ ማለቅ አለበት። ከዚያ ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፣ ስልክ ይቀይራል። እሱ ካልተገኘ የተጠራቀመው መረጃ ሁሉ አብሮት ጠፋ ማለት ነው። ባለቤቱ «የኔ ነው» ብሎ ከጉግል የሚያስመልስበት ቀላል መንገድ የለም።

በድርጅቱ ስም አንድ ጂሜይል ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉንም፣ ቢጠፋ ማስመለሻ የሚሆነውንም ስልክ እርስዎ ይያዙ። አካውንቱ በዚያ ኢሜይል ይከፈት። ለልጁ «ኤዲተር» የሚባለውን ፈቃድ ይስጡት፣ ለሥራው ይበቃዋል። የ«አድሚን» ፈቃድ ግን ከእጅዎ አይውጣ። እስካሁን በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ሰውየው ሳይርቅ ደውለው የእርስዎን ኢሜይል አድሚን አድርጎ እንዲያስገባ ያድርጉ። ድረ ገጽ ለምትሠሩ ወጣቶችም፦ «እትዬ፣ በርስዎ ኢሜይል ነው የሚከፈተው፤ ኑ አብረን እንክፈተው» ማለት ይልመድባችሁ።

ኮዱን መድገም

ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በተሠራ ድረ ገጽ ላይ፣ አንዱ የአናሊቲክስን መቁጠሪያ ኮድ በፕለጊን (በተጨማሪ መሣሪያ) ያስገባዋል፤ ቆይቶ የመጣ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ኮድ በእጁ ይለጥፈዋል። ከዚያ አንድ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ተብሎ ይመዘገባል። ሌላ ሰው በማይገባበት ሰዓት ድረ ገጹን በስልክዎ አንዴ ከፍተው «ሪልታይም» የሚለውን ሪፖርት ይዩ፤ ሁለት የገጽ ዕይታ ካሳየዎት ኮዱ ተደግሟል። ኮዱ ውስጥ ያለው መለያ በላቲኑ «ዩኤ» የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የድሮው ነው፤ ያ ሥርዓት ከሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ አይቆጥርም። የአሁኑ መለያ የሚጀምረው በ«ጂ» ነው።

ጎብኚውን ቆጥሮ ደዋዩን መተው

በእኛ አገር ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ ድረ ገጹ ላይ ከፍሎ አይጨርስም። ስልክ ቁጥሩን ያይና ይደውላል፣ ወይም በቴሌግራም «ባናው ስንት ነው?» ይላል። ገበያው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አናሊቲክስ ግን ካልነገሩት የስልክ ቁጥሩ መነካቱን አይመዘግብም። በአናሊቲክስ ውስጥ «ኢንሃንስድ ሜዠርመንት» የሚባለው ማስተካከያ ከበራ ወደ ቴሌግራም የሚወስደውን ሊንክ መነካት ይይዛል፣ ስልኩን ግን ያልፈዋል።

መጀመሪያ ቁጥሩ የሚነካ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ድረ ገጽ ላይ ስልኩ ያለው በተሠራ ፎቶ ላይ ተጽፎ ነው፤ ቢነኩት ምንም አይሆንም፣ ደንበኛው በእጁ መገልበጥ አለበት። ቁጥሩ የሚደውል ሊንክ ከሆነ በኋላ፣ ልጁ ጉግል ታግ ማናጀር በሚባለው የመቁጠሪያ ኮዶች ማስተዳደሪያ የስልክ ሊንክ በተነካ ቁጥር እንዲመዘገብ አድርጎ በአናሊቲክስ ውስጥ «ኪ ኢቨንት» (ዋና ድርጊት) ብሎ ይሰይመው።

ያኔ ቁጥሩ መናገር ይጀምራል። የጓሳ ጭላዳ ፎቶ ያለበትን ገጽ 400 ሰው ከፍቶ አንድም አልደወለም፣ የበርኖስ ዋጋ የተጻፈበትን 40 ሰው ከፍቶ 6 ደወሉ እንበል። ጎብኚ ብቻ የሚቆጥር ባለሱቅ ጭላዳውን ያበዛል። ደዋይ የሚቆጥረው ግን ዋጋውን ወደ ፊተኛው ገጽ ያመጣል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህን ያድርጉ።

በየቦታው አንድ ዓይነት ሊንክ መለጠፍ

ሰው ከቴሌግራም ሊንኩን ነክቶ ሲገባ፣ አናሊቲክስ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ ስለማያውቅ «ዳይሬክት» (በቀጥታ የገባ) በሚለው ውስጥ ይከተዋል። የቴሌግራም ቻናሉ፣ የቲክቶኩና የፌስቡኩ ድካም ተቀላቅሎ የቱ ደንበኛ እንዳመጣ አይለይም። ለየቦታው የተለየ ሊንክ ያዘጋጁ፤ «ዩቲኤም» የሚባሉትን ምልክቶች ከአድራሻው ጀርባ የሚቀጥል ነጻ ቅጽ ጉግል አለው። ደብረ ሲና ላይ ለተሳፋሪ የሚበተን ካርድ ካለዎት፣ ላዩ ላይ ላለው ኪውአር ኮድም የራሱን ሊንክ ይስጡት። ስሙን ሲጽፉ በትንሹ የላቲን ፊደል ብቻ ይጻፉ፤ አንዴ በትልቁ አንዴ በትንሹ ከጀመሩ ቴሌግራም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቆጠራል።

ራስን መቁጠር

አዲስ ድረ ገጽ ላይ ከሁሉም በላይ የሚመላለሱት ባለቤቱ፣ ቤተሰቡና ሠሪው ናቸው። አናሊቲክስ በአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር) የሚለይ ማጣሪያ አለው፤ ሆኖም በሞባይል ዳታ ለሚገባ ሰው አይፒው ስለሚለዋወጥ ብዙም አይረዳም። በዎርድፕረስ ከሆነና «ሳይት ኪት» የሚባለው የጉግል ፕለጊን ካለ፣ በይለፍ ቃል የገቡ ሰዎችን እንዳይቆጥር ማድረግ ይቻላል፤ ይሄ ይሻላል። በቢሮ ዋይፋይ ማጣሪያውን የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ «ቴስቲንግ» ላይ እንደሚቀመጥ አትርሱ፤ «አክቲቭ» ካልተደረገ ምንም አያጣራም።

ሰዓቱን የአሜሪካ አድርጎ መተው

ሲከፈት የሰዓት ክልሉ ሎስ አንጀለስ ላይ ከቀረ፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት የገባ ጎብኚ የዓርብ ሌሊት ሆኖ ይቆጠራል። «ደንበኛ የሚበዛው በየትኛው ቀን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይበላሻል። አገሩን ኢትዮጵያ ያድርጉት። ከተስተካከለም በኋላ ሪፖርቱ 20 ሰዓት የሚለው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን ያስታውሱ።

የከተማውን ዝርዝር ማመን

ቦታው በአይፒ የሚገመት ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ሆኖ የከፈተ ሰው አዲስ አበባ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ተነሥተው «የአካባቢው ሰው አያየንም» አይበሉ፤ የሚደውለውን ሰው ከየት እንደሆነ ይጠይቁት።

የእንግዳን ስልክ ለአናሊቲክስ አሳልፎ መስጠት

ይህ ብዙም አይነገርም፣ ነገር ግን ሊያሳስበን ይገባል። የአልጋ ማስያዣ ቅጹን ራስዎ ሞልተው ይላኩና ከላይ የአድራሻውን መስመር ይመልከቱ። ስምዎና በ09 የሚጀምረው ቁጥርዎ እዚያ ተደርድሮ ከታየ፣ የእንግዶችዎ ሁሉ ስልክ ከገጹ አድራሻ ጋር አናሊቲክስ ውስጥ እየገባ ነው። ጉግል ይህን በደንቡ ይከለክላል፤ እኛም ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከሁሉ በፊት ግን ሰውየው ስልኩን የሰጠው አልጋ እንዲያዝለት ብቻ ነው። ልጁ ቅጹ የሚላክበትን ዘዴ የተሞላውን አድራሻው ላይ ከሚያሳየው «ጌት» ወደ «ፖስት» ይቀይረው።

የመረጃ ማቆያውን 2 ወር ላይ መተው

የተለመዱት ሪፖርቶች አይጠፉም፤ «ኤክስፕሎር» በሚባለው ክፍል ጠለቅ ብሎ ለማየት የሚያገለግለው ዝርዝር ግን ካልቀየሩት የሚቆየው 2 ወር ነው። በነጻው አናሊቲክስ እስከ 14 ወር ማድረስ ይቻላል። የዘንድሮን ገና ከአምናው ገና ጋር በዝርዝር ማወዳደር ለሚፈልግ 2 ወር ምንም አይሠራለትም። ፋሲካ ደግሞ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚዘዋወር፣ ሲያወዳድሩ ቀን ከቀን ሳይሆን የበዓሉን ሳምንት ከበዓሉ ሳምንት ያድርጉ። መብራት ወይም ኔትወርክ የጠፋበትንም ቀን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ሪፖርቱ የሚያሳይዎ የጎብኚውን ቁጥር መውረድ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይነግርዎትም።