ቴሰራክትን ከምንጩ መቅዳት

የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር የመተዳደሪያ ደንቡን በፌስታል ጠቅልለው ኮፒ ቤቴ መጡ። 38 ገጽ ነው። በኮምፒውተር ተጽፎ የታተመ ነው፤ ፍሎፒው ግን ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። «ልጄ፣ የምናሻሽለው ሦስት አንቀጽ ነው። ለሦስት አንቀጽ ብለን ሁሉንም ልናስተይብ ነው?» አሉኝ። አላስተየብኳቸውም። ስካን አድርጌ በቴሰራክት አስነበብኩት። ስህተቱን አርሜ በማግስቱ ከሰዓት አስረከብኳቸው።

ቴሰራክት በፎቶ ወይም በስካን ያለን ጽሑፍ አንብቦ ልናርመው ወደምንችል ጽሑፍ የሚቀይር ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኤችፒ የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1994 ተሠራ። በ2005 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ጉግል ለዓመታት ደገፈው። አማርኛ ያነባል። እንደ እኔ በትየባ ለሚተዳደር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለምን ከሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሮቹ ከጻፉት ጥሬ ኮድ) እንደምገነባው ልንገራችሁ። የሱቄ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ 22.04 በሚባል ነጻ ሲስተም ነው። እሱ ላይ በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ) ስትጭኑ የሚመጣላችሁ ቴሰራክት 4.1.1 ነው። 5.0 ግን በ2021 መጨረሻ ወጥቷል። አምስተኛው ስሌቱን የሚሠራው ቀለል ባለ የቁጥር ዓይነት ስለሆነ ይፈጥናል፤ ሜሞሪም ያን ያህል አይበላም። 4 ጊጋ ራም ላላት ያረጀች ማሽን ይሄ ቀልድ አይደለም። ኡቡንቱ 24.04 ያላችሁ ግን አትድከሙ። እዚያ አፕት ራሱ 5.3.4 ይሰጣችኋል፤ ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ታናሽ እህቴ ደሴ ላይ ኮፒ ቤት ስትከፍት ይሄንኑ በስልክ እየጠራሁላት ነው ያስጫንኳት። እዚህም ትእዛዞቹን የምጽፋቸው እንደጠራሁላት ነው። እናንተ ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የምንሰጥበት መስኮት ላይ) በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። «ዳሽ» ስል አጭሯን ሰረዝ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያዎቹን እናሟላ። «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሉ። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ እነዚህን በክፍት ቦታ እየለያችሁ ደርድሩ፦ ጂፕላስፕላስ፣ ሜክ፣ አውቶሜክ፣ ሊብቱል፣ ፒኬጂ ዳሽ ኮንፊግ፣ ጊት፣ ሊብሌፕቶኒካ ዳሽ ዴቭ። ጂፕላስፕላስ የሚጻፈው በጂ ፊደልና በሁለት የመደመር ምልክት ነው። የመጨረሻዋን በተለይ አትርሷት። ሌፕቶኒካ ቴሰራክት ምስል የሚከፍትበት ላይብረሪ ነው። «ዴቭ» የሌለው ሌፕቶኒካ ተጭኖላችሁ ቢሆን እንኳ ለግንባታ አይሆንም። እህቴ እሷን ዘልላ ነበር። ኮንፊገሩ (ኋላ የምናስኬደው፣ የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን የሚፈትሸው) መጨረሻ ላይ «ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል» ብሎ ቆመባት። መልእክቱ የሚጫነውን ፓኬጅ ስም ጭምር ይነግራል። የስህተት መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ እዚያው ጽፎላችሁ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ኮዱን ማውረድ ነው። ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ «ቴሰራክት ዳሽ ኦሲአር» የሚባል አካውንት አለ። ከሥሩ «ቴሰራክት» የሚባለውን ክፈቱ። አረንጓዴውን የኮድ ቁልፍ ስትጫኑ አድራሻው ይመጣል፤ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ ተርሚናል ላይ «ጊት ክሎን፣ ዳሽ ዳሽ ዴፕዝ 1፣ ዳሽ ዳሽ ብራንች 5.5.0» ብላችሁ አድራሻውን ከኋላው ለጥፉ። ነጠላ ሰረዞቹ የእኔ ናቸው፤ እናንተ ክፍት ቦታ ብቻ ተዉ። «ዴፕዝ 1» ማለት የኮዱን የዓመታት ታሪክ ተወው፣ የአሁኑን ብቻ አምጣ ማለት ነው። ኢንተርኔት በፓኬጅ ለምንገዛ ሰዎች ይቺ ቃል ብር ናት። «ብራንች 5.5.0» ደግሞ ተፈትኖ የወጣውን ቨርዥን ያመጣል። ይህን ካልጻፋችሁ የሚወርደው ፕሮግራመሮቹ ዛሬ ጠዋት እየነካኩት ያለው ኮድ ነው። ደንበኛ ለሚጠብቅበት ሱቅ እሱን አልመክርም። ሲጨርስ «ዲታችድ ሄድ» የሚል ረጅም ማስታወቂያ ይደረድራል። አትደንግጡ፤ በቨርዥን ቁጥር ስላወረዳችሁ ነው።

«ሲዲ ቴሰራክት» ብላችሁ ፎልደሩ ውስጥ ግቡ። እዚያ «ነጥብ ስላሽ አውቶጄን ነጥብ ኤስኤች» የሚለውን አስኪዱ። ከዚያ «ኤምኬዲር ቢልድ»፣ «ሲዲ ቢልድ»፣ በመጨረሻ «ነጥብ ነጥብ ስላሽ ኮንፊገር»። ለግንባታው የራሱን ፎልደር የምንከፍትለት ኮዱና የግንባታው ፍርስራሽ እንዳይደባለቁ ነው። ነገር ሲበላሽ «ቢልድ»ን ብቻ ሰርዛችሁ ትጀምራላችሁ፤ ያወረዳችሁት ኮድ አይነካም። እኔ ይሄን የተማርኩት ሁሉንም አንድ ላይ አጭቄ፣ መለየት አቅቶኝ፣ ኮዱን ሁለቴ ካወረድኩ በኋላ ነው።

አሁን «ሜክ ዳሽ ጄ 2»። ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው፣ ማለትም ኮምፓይል የሚያደርገው፣ ይሄ ነው። ቁጥሩ ስንት ፋይል ጎን ለጎን ኮምፓይል ይደረግ የሚለውን ይወስናል። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ከ2 አትለፉ። ቁጥሩን ትታችሁ «ዳሽ ጄ» ብቻ ካላችሁ ያለገደብ ይለቀዋል፤ ማሽኗ ደርቃ ማውሱ እንኳ አይንቀሳቀስም። ሥራው ጊዜ ይወስዳል። ቡና አፍሉ።

መብራት ቢሄድስ? የእኔ ግንባታ ግማሽ ላይ እያለ ሄደ። መብራት ሲመጣ ያው ፎልደር ውስጥ ገብቶ «ሜክ ዳሽ ጄ 2» ማለት ነው፤ ካቆመበት ይቀጥላል። የእኔም ቀጠለ። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሊገጣጠም ሲል፣ አንድ ፋይል ጠቅሶ «የፋይሉ ዓይነት አይታወቅም» አለኝ። ፋይሉን ፈልጌ አየሁት። መጠኑ ዜሮ ነው። መብራቱ የጠፋው እሱ እየተጻፈ እያለ ነው። ሜክ ደግሞ ፋይሉ መኖሩንና ቀኑን ነው የሚያየው፤ ባዶ ይሁን ሙሉ አይመረምርም። ስለዚህ ተሠርቷል ብሎ አለፈው። ያቺን አንድ ፋይል ሰርዤ «ሜክ» ስል ያለቀ ሥራ ሆነ። እናንተም መብራት ከሄደ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ የተጠቀሰውን ፋይል አጥፉ። ከአንድ በላይ ከሆኑ ግን አትልፉ፤ «ቢልድ»ን ሰርዛችሁ ከ«ኤምኬዲር ቢልድ» ጀምሩ።

ሲያልቅ «ሱዶ ሜክ ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ»። ሁለተኛዋን ከረሳችሁ ቴሰራክት ሲነሳ «ሊብቴሰራክት ነጥብ ኤስኦ ነጥብ 5 አልተገኘም» ይላል። ፋይሉ አለ፤ ሲስተሙ ገና አላወቀውም እንጂ። በፊት በአፕት የጫናችሁት ካለ «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ቴሰራክት ዳሽ ኦሲአር» ብላችሁ አውጡት። ሁለት ቴሰራክት አንድ ቤት ውስጥ ግራ መጋባት ነው። «ቴሰራክት ዳሽ ዳሽ ቨርዥን» ስትሉ 5.5.0 ማየት አለባችሁ። የድሮውን ቦታ እየጠራ ካስቸገራችሁ ተርሚናሉን ዘግታችሁ ክፈቱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨረስኩ ይላል። ገና ነው። የገነባችሁት ሞተሩን ነው፤ የቋንቋ ፋይል አብሮት አይመጣም። እዚያው የጊትሃብ አካውንት ላይ «ቴስዳታ ቤስት» እና «ቴስዳታ ፋስት» የሚባሉ ማስቀመጫዎች አሉ። «ቤስት» ቀስ ይላል፤ ጥራት ላይ ያተኩራል። «ፋስት» ይፈጥናል። እኔ ለአማርኛ «ቤስት»ን ነው የምጠቀመው፤ ከፍጥነቱ ይልቅ የማርመው ሲያንስልኝ ይሻለኛል። ማስቀመጫውን በሙሉ ክሎን እንዳታደርጉ! ከመቶ በላይ ቋንቋ ነው። «ኤኤምኤች ነጥብ ትሬንድዳታ» የሚለውን አንድ የአማርኛ ፋይል ብቻ ክፈቱና የዳውንሎድ ምልክቱን ተጫኑ። «ኢኤንጂ» የሚለውን የእንግሊዝኛውንም ጨምሩ፤ ቋንቋ ሳትነግሩት ሲቀር የሚፈልገው እሱን ነው።

እህቴ የዋለችበት ስህተት እዚህ ነው። ከብራውዘሩ ላይ አድራሻውን ኮፒ አድርጋ በዳብሊውጌት (ከተርሚናል ፋይል በሚያወርድ ትእዛዝ) አወረደችው። ስሙ ልክ ነው። ቦታው ልክ ነው። ቴሰራክት ግን «ኤኤምኤችን መጫን አልቻልኩም» ይላታል።

«እስቲ መጠኑን እዪው» አልኳት።

«እትዬ፣ ኪሎባይት ነው የሚለው።»

የወረደው ፋይሉ ሳይሆን ፋይሉን የሚያሳየው ድረ ገጽ ነበር። የአማርኛው ፋይል ሜጋባይት ነው መሆን ያለበት። ኪሎባይት ካያችሁ አጥፉትና በዳውንሎድ ምልክቱ አውርዱት።

ፋይሎቹን በ«ሱዶ ሲፒ» ወደ «ስላሽ ዩኤስአር ስላሽ ሎካል ስላሽ ሼር ስላሽ ቴስዳታ» ፎልደር ቅዱ። «ቴሰራክት ዳሽ ዳሽ ሊስት ዳሽ ላንግስ» ስትሉ ኤኤምኤች ከታየ ተሳክቶላችኋል።

መሞከሪያው እንዲህ ነው። ገጹን በ300 ዲፒአይ ስካን አድርጉ፤ በስልክ ካሜራ የተነሳ ጎባጣ ፎቶ ያደክማችኋል። ከዚያ «ቴሰራክት»፣ የስካኑ ስም፣ የውጤቱ ስም፣ «ዳሽ ኤል ኤኤምኤች»። ኤሏ ትንሿ ኤል ናት፤ አንድ ቁጥር አይደለችም። ውጤቱ በጽሑፍ ፋይል ይወጣል። በእድሩ ደንብ ላይ «ለ» እና «ሰ» ተምታተውብኛል፤ ማኅተም ያረፈበት መስመርም ተበላሽቷል። ወጥ ጽሑፍ ብቻ ላለበት ገጽ «ዳሽ ዳሽ ፒኤስኤም 6» ስትጨምሩበት የመስመሩ ቅደም ተከተል ይስተካከላል። የእጅ ጽሑፍ ግን አይሞክርላችሁ፤ የተሠራው ለታተመ ነው።

አሁን አፕዴቱ። እኔ እሑድ ነው የማደርገው፤ ሱቅ ዝግ ነው። 5.5.1 ወጣ እንበል፤ ወጥቷልም። ምን እንደተቀየረ ጊትሃብ ላይ የሪሊዝ ማስታወሻውን አንብቡ። የሚመለከታችሁ ነገር ከሌለ ተዉት፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ የሚሠራ ማሽን አይነካም። ከወሰናችሁ መጀመሪያ «ቢልድ» ውስጥ ገብታችሁ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» በሉ። የድሮው ይወጣል፤ የቋንቋ ፋይሎቻችሁን አይነካም። ወደ ዋናው ፎልደር ውጡና «ጊት ፌች፣ ዳሽ ዳሽ ዴፕዝ 1፣ ኦሪጂን፣ ታግ 5.5.1»፣ ቀጥሎ «ጊት ቼክአውት 5.5.1»። የሚወርደው ልዩነቱ ስለሆነ ትንሽ ነው። «ቢልድ»ን ሰርዙ። አውቶጄኑን እንደገና አስኪዱ፤ «ቢልድ»ን እንደ አዲስ ከፍታችሁ ግቡበት፤ ከዚያ ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ኢንስቶል፣ ኤልዲኮንፊግ። አውቶጄኑን ዘልላችሁ በአሮጌው «ቢልድ» ላይ ሜክ ብትሉ አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ የማይገባ ስህተት ያመጣል። ያተረፋችሁት ደቂቃ በፍለጋ ያልቃል።

እኔ የእድሩን ደንብ ገጽ 7 አስቀምጫለሁ። ስካኑ አለኝ፤ በእጄ ቃል በቃል ያረምኩት ጽሑፍም አለኝ። በአዲሱ ቨርዥን ገጽ 7ን አስነብባለሁና «ዲፍ» በሚለው ትእዛዝ ከታረመው ጋር አስተያየዋለሁ። የተለያዩት መስመሮች ከበፊቱ ካነሱ ወይም እኩል ከሆኑ ሰኞ ጠዋት በአዲሱ እሠራለሁ። ከበዙ «ጊት ቼክአውት 5.5.0» ብዬ ያንኑ መንገድ እደግመዋለሁ። የድሮው ኮድ እዚያው ስላለ ሌላ የኢንተርኔት ፓኬጅ መግዛት አያስፈልግም።