የቆሮሶን ጨው አጓጓዥ ጂኖች በትክክለኛ ስማቸው ለመጥራት

ቆሮሶ የሚኖርበት ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ደሙ ግን ጨዋማ ነው። ስለዚህ ሌት ተቀን ጨው ከሰውነቱ ይወጣል፣ ውሃ ደግሞ ይገባል። የጎደለውን የሚተካው በምግብ ብቻ አይደለም። ስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሴሎች ሶዲየምና ክሎራይድን ከውሃው ይለቅማሉ። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ኤስኤልሲ12 የሚባለው የአጓጓዥ ጂኖች ቤተሰብ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በዚህ ቤተሰብ ላይ ነበር። አንድ የቆሮሶ ፕሮቲን ወስጄ ብላስት ላይ (ተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚፈልግ ፕሮግራም ነው) ከሰው ፕሮቲኖች ጋር አነጻጸርኩ። አንደኛ ሆኖ የመጣው ኤስኤልሲ12ኤ3 ነው። ያንኑ ስም ሰጠሁትና ሦስት ወር ሠራሁበት። አንድ ቀን አማካሪዬ ሠንጠረዤን አየችና «ይሄ ጂን ሰው ላይ ከናካቴው ባይኖርስ?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። የሰው ኤስኤልሲ12 ከኤ1 እስከ ኤ9 ነው። አሳ ላይ ግን ኤ10 አለ። ብላስት የሌለ ነገር ሊያመጣ አይችልም። አባት የሌለበት ቤት ብታንኳኩ አጎት ነው በር የሚከፍትላችሁ። ስለዚህ ብላስት እጩ ለመሰብሰብ ይሁናችሁ፣ ስም ለማውጣት ግን አትመኑት።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ፕሮቲኖቹን ኢንሴምብል ወይም ኤንሲቢአይ ከሚባሉት የጂን መረጃ ቋቶች አወርዳለሁ። የሰው፣ የዜብራፊሽ (ለቤተ ሙከራ ጥናት የሚያገለግል ትንሽ አሳ)፣ የቆሮሶ፣ እና የግድ «ስፖትድ ጋር» የሚባለውን አሳ ፕሮቲኖች። ይህ የሰሜን አሜሪካ አሳ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬዎቹ አብዛኞቹ አሳዎች ቅድመ አያት ሙሉ ጂኖሙ (የጂኖቹ ጠቅላላ ስብስብ) ሁለት እጥፍ ሆነ። የ«ስፖትድ ጋር» ሐረግ የተለየው ከዚያ ቀድሞ ነው። ስለዚህ አንዱ ጂን ሁለት የሆነው መቼ እንደሆነ የሚመሰክርልን እሱ ነው። ጂኖሙ በ2016 ስለታተመ ለማግኘት አትቸገሩም።

ከአንድ ጂን አንድ ፕሮቲን ብቻ ያዙ። አንድ ጂን ብዙ ዓይነት ቅጂ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ካልተጠነቀቃችሁ አንዱን ሦስት ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። ርዝመቱንም እዩ። የሰው ኤ3 ወደ 1,000 አሚኖ አሲድ ይጠጋል። 300 ብቻ የሆነ ነገር ከመጣ ቁራጭ ነው፣ ለብቻው መዝግቡት።

ከዚያ ቅደም ተከተላቸውን ማፍት በሚባለው ፕሮግራም ጎን ለጎን ደርድሩ። ውጤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትለፉ። የሴሉን ሽፋን የሚያቋርጡት 12 ክፍሎች ያሉበት መሃሉ ጥሩ ይገጥማል፣ ጫፎቹ ግን ይዘበራረቃሉ። የተዘበራረቀውን ትሪምኤኤል በሚባለው ፕሮግራም ቁረጡ።

የፕሮቲኖቹን የዝምድና ሐረግ አይኪው-ትሪ የሚባለው ፕሮግራም ይሥራው፣ በ1,000 አልትራፋስት ቡትስትራፕ (ቅርንጫፎቹ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆኑ የሚለካ ፈጣን ፍተሻ)። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ለተለመደው ቡትስትራፕ 70 ጥሩ ነው ይባላል። አልትራፋስት ላይ ግን 95 ካልሞላ ቅርንጫፉን አትመኑት።

አሁን ሐረጉን አንብቡ። ሶዲየም ይዘው የሚያጓጉዙት ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3 እና ኤ10 በአንድ ወገን ይሰበሰባሉ። ፖታሲየምና ክሎራይድ የሚያጓጉዙት ከኤ4 እስከ ኤ7 ደግሞ በሌላ ወገን። የእኔ ፕሮቲን ከኤ3 ጋር ሳይሆን ከዜብራፊሽ ኤ10ዎች ጋር ነበር የገባው። ያን ቀን ፋይሉን ከፍቼ የሦስት ወር ስያሜ አንድ በአንድ ቀየርኩ።

«ስፖትድ ጋር» አንድ ኖሮት፣ ዜብራፊሽም ቆሮሶም ሁለት ሁለት ካላቸው፣ ምናልባት የዚያ የጥንቱ እጥፍ ውጤት ነው። ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኤ» እና «ቢ» ይጨመራል። እዚያው ጎን ለጎን ተባዝተው ከሆነ ግን በነጥብ ይለያሉ። የዜብራፊሽ ኤስኤልሲ12ኤ10.1፣ 10.2 እና 10.3 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከሦስቱ 10.2 ነው ጨው በሚለቅሙት ሴሎች ውስጥ የሚሠራው።

ሐረጉ ሲያወላውል ጎረቤቶችን ጠይቁ። ጂኖሚከስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በጂኑ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ጂን እዩ። ቅደም ተከተላቸው በሁለት አሳ ላይ ከተመሳሰለ፣ ጂኑ ከአንድ ቦታ የወረደ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እኔ ከቡትስትራፕ ቁጥር ይልቅ ይሄን አምናለሁ።

«ይህ ጂን ቆሮሶ ላይ ጠፍቷል» ለማለት አትቸኩሉ። ቲብላስትኤንን (በፕሮቲን ዲኤንኤ ውስጥ የሚፈልገው የብላስት ዓይነት) ጂኖሙ ላይ አስኪዱ፣ የጂኖቹ ዝርዝር ሳይመዘግበው የቀረ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቹ ባሉበት ቦታ መሃል ላይ ክፍተት ካለ ሌላ የጂኖም ስሪት ፈልጉ። የተጠቀማችሁበትን ስሪትና የእያንዳንዱን ፕሮቲን መለያ ቁጥር በዚያው ቀን ሠንጠረዡ ላይ ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ አንዱን ቅርንጫፍ እንደገና ማየት ሲያስፈልግ የምትነሱት ከዚያ ቁጥር ነው።