ታድሶ የተገጠመ አሮጌ ሞተር አልነሳ ሲል ከየት ይጀመራል?

ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚን (የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ብረት) ገብቶለት ተገጥሟል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) ይሽከረከራል። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ወይም አንዴ በካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር በሚደባለቅበት) በኩል "ጷ!" ብሎ ይተፋና ዝም ይላል። ይሄኔ ሰው የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። ቫልቭ ተጣሞ ይሆን? ፒስተን ተገልብጦ ገብቶ ይሆን?

ይረጋጉ። ከእድሳት በኋላ የሚመጣ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው ያለው፤ ተፈቶ በተገጠመ ገመድ፣ ቱቦ ወይም ቡሎን ላይ። ሞተሩን ድጋሚ ከማውረድዎ በፊት እጅ የነካቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ይዙሯቸው። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ታይሚንጉንም (ብልጭታው የሚፈጠርበትን ሰዓት) ካርቡሬተሩንም አብረው ከነካኩ፣ ቢሻለው እንኳ በምን እንደተሻለው አያውቁም።

እዚህ የማወራው ካርቡሬተርና ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን በተራ ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል) ስላለው የቤንዚን ሞተር ነው።

ከሁሉ በፊት ዘይት

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይት ብሮንዚኖቹ ጋ መድረስ አለበት። ካንዴላዎቹን (ብልጭታ ሰጪዎቹን) በሙሉ ያውጡ። ብልጭታ እንዳይፈጠር ወደ ኮይሉ (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደሚያመነጨው) የሚገባውን ቀጭን ገመድ ይንቀሉ። ከዚያ ሞተሪኖውን አሥር አሥር ሰከንድ ያህል እያዞሩ፣ በመሃል እያሳረፉ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ካንዴላ ስለሌለ ሞተሩ ቀልሎት ይዞራል፣ ብሮንዚኖቹም ጫና የለባቸውም። በካንዴላ ቀዳዳዎቹ የቤንዚን ትነት ሊወጣ ስለሚችል እሳት አጠገቡ አይድረስ።

መብራቱ አልጠፋ ካለ ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክሩ። የዘይቱን መጠን፣ ፊልትሮውንና የመብራቱን ገመድ ይዩ። የዘይት ፓምፑ ደርቆ ከተገጠመ አየር ይዞ ዘይት መሳብ ሊያቅተው ይችላል። መብራቱን ካላመኑት የሜካኒክ የግፊት መለኪያ በቦታው አስረው ይለኩ።

ሞተሪኖው ካቃሰተ

ይሄ እኔንም አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። ሞተሩ ግማሽ ዙር ይዞርና "ኧኧኧ" ብሎ ይቆማል። ባትሪ ቀየርኩ። ሞተሪኖ አውርጄ አስፈተሽኩ። ምንም የለውም። በመጨረሻ አጠገቤ የቆመው ልጅ "ይሄ ካቦ ይጨሳል እንዴ?" አለ። የነዳጅ መስጫው ካቦ ነበር። ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ ሳላስር ረስቼዋለሁ። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሲያጣ በቀጭኑ ካቦ በኩል መንገድ አበጅቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሳውን ይዩ። ሞተሩ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪታይ ይፋቁት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

እየዞረ ካልተነሳ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ከእድሳት በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት፣ በእኔ ግምት፣ ዲስትሪቢዩተሩ ግማሽ ዙር ተሳስቶ መግባቱ ነው። ልምድ ያለው መካኒክም ይሳሳተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ አንዴ ነው የሚዞረው። በእነዚያ ሁለት ዙሮች ውስጥ 1ኛው ፒስተን ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ ቤንዚንና አየሩን ጨምቆ፣ አንዴ ጭሱን አስወጥቶ። ፑሊው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው መዘውር) ላይ ያለው ምልክት ሁለቱን አይለይም።

የሚለየው ጣትዎ ነው። የ1ኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተው ቀዳዳውን በጣትዎ ይድፈኑ። ሌላ ሰው የክራንኩን ቡሎን በመፍቻ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀስ አድርጎ ያዙርልዎ። በሞተሪኖ አይሁን። መጀመሪያ ጣትዎን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርገዋል። ቀጥሎ ግፊት ይመጣል፤ ጣትዎን ገፍቶ "ፍስስ" እያለ ያመልጣል። መጭመቁ ይሄ ነው። ምልክቱ እስኪገጥም ትንሽ ያስቀጥሉና ያቁሙ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውስጥ የሚዞረው ሮተር ወደ 1ኛው ሲሊንደር ገመድ ማሳየት አለበት። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተቃራኒው ካሳየ ጥፋቱን አገኙት። ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተው ግማሽ ዙር አዙረው ይመልሱት።

ሮተሩ ልክ ከሆነ የካንዴላ ገመዶቹን ቅደም ተከተል ይቁጠሩ። ብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች 1-3-4-2 ናቸው። የድሮዋ ቮልስዋገን 1-4-3-2 ናት። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች በአብዛኛው 1-5-3-6-2-4 ይሄዳሉ። አቆጣጠሩ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ብልጭታውን ይፈትሹ። ካንዴላውን ገመዱ ላይ ሰክተው ብረቱን ከሞተሩ ጋር ያስነኩና፣ እጅዎን አርቀው ሞተሪኖውን ያስዙሩ። ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ጥሩ። ቢጫና ስስ ከሆነ ፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጠውን)፣ ኮንደንሰሩን (ፑንቲናው እንዳይቃጠል የሚረዳውን) እና ኮይሉን ይጠርጥሩ። ቤንዚን መድረሱን ለማየት ሞተሩ እንደቆመ የአየር ፊልትሮውን አንሱና የካርቡሬተሩን የነዳጅ መስጫ ይጫኑ፤ ቀጭን ቤንዚን ሲረጭ መታየት አለበት። ሞተሩ እየዞረ በካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ማፍሰስ ግን ፊትዎን ሊያቃጥል ይችላል። አያድርጉት።

ብልጭታም ቤንዚንም በሰዓቱ እየደረሰ አሁንም እምቢ ካለ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ሲጨመቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ይለኩ። የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መካከል የሚተው ትንሽ ርቀት) ከጠበበ ቫልቩ አይዘጋም፣ ግፊቱም ያመልጣል። ግፊቱ ዝቅ ያለበት ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ገና አልተቀመጠም ማለት ነው። ካልተለወጠ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይሂዱ። ሁሉም ሲሊንደር ላይ እኩል ዝቅ ካለ የካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቺንጋ (ቀበቶ) ወይም ሰንሰለት ጥርስ ስቶ ሊሆን ይችላል።

ሲነሳ

እሰይ! ግን ገና አልጨረሱም። አዲስ ካም ሻፍት ከገባና ታፔቶቹ (ካሙ ላይ አርፈው ቫልቮቹን የሚገፉት) ሮለር የሌላቸው የድሮ ዓይነት ከሆኑ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አያስጩኹት። ወዲያው በደቂቃ ወደ 2000 እና 2500 ዙር መካከል ከፍ አድርገው ለ20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። እነዚህ ካሞች ዘይት የሚያገኙት በአብዛኛው ከክራንኩ በሚረጨው ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ያ አይበቃቸውም። ዓይንዎ ከዘይት መብራቱና ከሙቀት መለኪያው አይነቀል።

ሰማያዊ ጭስ በመጀመሪያ ላይ አያስደንግጥዎ። ሲገጠም የተቀባው ዘይት ነው፣ ፋሻው ሲቀመጥ ይቀንሳል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ፣ ጓርኒሲዮኑ ወደ ሲሊንደሩ ውሃ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

ቶሎ ከሞቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውሃው ውስጥ የታሰረ አየር ነው። ሞተሩን አቀዝቅዘው፣ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍተው፣ ውሃ ይሙሉ። ታይሚንጉ ከዘገየም ሞተሩ ይሞቃል።

በሚኒሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በካርቡሬተሩ ሥር የሚገባ አየር ይፈልጉ። ያልተሰካ የቫኪዩም (የሞተሩ አየር መሳቢያ) ቱቦ አንዱ ተጠርጣሪ ነው።

ማንኳኳትን ግን አይናቁ። ድምፁ ወፍራም ከሆነና የዘይት ግፊቱም ከወረደ ሞተሩን በዚያው ቅጽበት ያጥፉ።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የመኪናው መመሪያ የሚያዝ ከሆነ የቴስታታውን ቡሎኖች ድጋሚ ያጥብቁ። የመጀመሪያውን ዘይት ከፊልትሮው ጋር ቶሎ ይቀይሩት፤ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው ብርሃን ላይ ይዩት። ደቃቅ ግራጫ ብናኝ ያለ ነገር ነው። መዳብ የሚመስል፣ ማግኔት የማይስበው ቅርፊት ከታየ ግን የመጣው ከብሮንዚን ነው። ያኔ የዘይት ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ሳያወርዱ ሞተሩን አያስነሱ።