ኩባንያው ዝም ያለውን ሰዓት ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ውድ የእጅ ሰዓት ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ውሎ አድሮ ሁሉም «ይህን ሞዴል አምራቹ ራሱ ብዙ የማያስተዋውቀው ለምንድን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ይመጣሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ አብዛኞቹ መልሱንም አብረው ይዘው መምጣታቸው፣ መልሱም በተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ መሆኑ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ብዙ ያልተዋወቀን ሰዓት ጥራት የጎደለው አድርጎ መቁጠር ነው። ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ምክንያቱም የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ ላየ ሰው ነገሩ ምንም አያከራክርም። ሮሌክስን እንውሰድ። ቀን የማያሳየው ሰብማሪነር፣ ኤክስፕሎረር፣ ኤር-ኪንግና ባለ 36 ሚሊሜትሩ ኦይስተር ፐርፔቹዋል እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በወጡት ስሪቶቻቸው ውስጥ የሚሠራው ማሽን አንድ ነው፤ ካሊበር 3230 ይባላል። በአራቱም ውስጥ አንዴ ከሞላ 70 ሰዓታት ያህል ይሠራል፤ ኩባንያው ለአራቱም የሚገባው ቃል በቀን ከ2 ሴኮንድ በላይ እንደማይቀድምና እንደማይዘገይ ነው። በእርግጥ ሰብማሪነር እስከ 300 ሜትር ጥልቀት ውኃ ሲቋቋም ሌሎቹ እስከ 100 ሜትር ነው፤ የሚሽከረከር ቀለበትም አለው። ሆኖም በማስታወቂያው ዓለም በመካከላቸው የሚታየው ርቀት ከዚህ ልዩነት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ሰብማሪነር ባሕር አለው፤ ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ከተወጣበት ዘመቻ ጋር የተያያዘ ስም አለው። ኦይስተር ፐርፔቹዋል ግን ሰው ጠዋት አስሮት ወደ ሥራው የሚሄድበት ሰዓት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚተረክ ጀብዱ አይገኝም። ማስታወቂያ የሚሠራው ከታሪክ ነው፤ ታሪክ የሌለው ሞዴል ማሽኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በፖስተር ላይ ቦታ አያገኝም።

ይህን ለሚጠራጠር ሰው የኦሜጋን ዴ ቪል አሳየዋለሁ። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ዳንኤልስ የፈለሰፈው ኮ-አክሲያል የተባለው ሥርዓት፣ የማሽኑ ኃይል በልክ በልክ በሚለቀቅበት ክፍል ላይ ያለውን መፋተግ በመቀነስ ሰዓቱ በዘይት ላይ ያለው ጥገኝነት እንዲያንስ ያደረገ ትልቅ የቴክኒክ እርምጃ ነው። ኦሜጋ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ጨረቃ ላይ በወረደው ስፒድማስተር ውስጥ አልነበረም፤ ከ1995 ጀምሮ በጄምስ ቦንድ እጅ ላይ በምናየው ሲማስተር ውስጥም አልነበረም። ያቀረበው በዴ ቪል ውስጥ ነው። ዴ ቪል ግን ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር የሚገባ ሰዓት በመሆኑ የኩባንያው ትልልቅ ማስታወቂያዎች ዛሬም ጨረቃንና ባሕርን ይመርጣሉ። ሱቅ ገብቶ ዴ ቪልን አንስቶ «ይኼ እንኳ ስሙን ሰምቼው አላውቅም» ብሎ የሚመልስ ወጣት ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ የመለሰው በስፋት የሚታወቁት የኦሜጋ ሰዓቶች ኋላ የተከተሉትን ሰዓት ነውና።

ሁለተኛው ስህተት በጣም የሚፈለገው ሞዴል በጣም የሚተዋወቀው ነው ብሎ ማሰብ ነው። ብዙ ጊዜ እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ሰው ወረፋ ይዞ ለሚጠብቀው ሰዓት ገንዘብ አውጥቶ ተጨማሪ ወረፋ መፍጠር ለአምራቹ የሚያስገኘው ቅሬታ ነው። የፓቴክ ፊሊፕ ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። በጄራልድ ጄንታ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ኖቲለስ ፍላጎቱ እጅግ ከፍ ብሎ፣ 5711 የተባለው የብረት ስሪቱ ካልተገኘ ሌላውን የሰዓት ቤቱን፣ ማለትም የኩባንያውን፣ ሥራ ዞር ብሎ የማያይ ገዢ በዛ። ኩባንያውም በ2021 ይህን የብረት ስሪት አቋረጠው። ፕሬዚዳንቱ ቲየሪ ስተርን አንድ ሰዓት ብቻውን የቤቱ ቁንጮ ሆኖ እንዲቆም እንደማይፈልጉ በይፋ ተናግረዋል። ከ1996 ጀምሮ የምናያቸው የፓቴክ ማስታወቂያዎችም በአባትና በልጅ፣ በእናትና በልጅ መካከል ስላለው ውርስ የሚናገሩ ናቸው፤ የሚያስተዋውቁት ከአንዱ ሞዴል ይልቅ ቤቱን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ገንዘብ ያስወጣል፦ «ዛሬ የተዘነጋው ነገ ሀብት ይሆናል» በሚል ተስፋ መግዛት። የዚህ ተስፋ ምንጭ የሮሌክስ ዴይቶና ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ይህ ክሮኖግራፍ (እንደ ስቶፕዋች ጊዜ የሚለካ ሰዓት) በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢ አጥቶ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በ2017 ግን የተዋናዩ ፖል ኒውማን የግል ዴይቶና ኒው ዮርክ ውስጥ በፊሊፕስ ጨረታ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ታሪኩን የሚደግሙት ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ በዚያ ሰዓት ጀርባ ላይ ባለቤቱ «በጥንቃቄ ንዳ» ብላ ያስቀረጸችለት ቃል ነበረ፤ ገዢው የከፈለው ለዚያ ሰው ሕይወት ጭምር ነው። በእኛም ዘንድ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ 2497 የተባለው ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከክሪስቲስ የጄኔቫ ጨረታ ከወጣ በኋላ በ2017 ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ሲሸጥ፣ የአባቱን አሮጌ ሰዓት ይዞ «የኔስ ስንት ያወጣል?» የሚለኝ ሰው በርክቶ ነበር። ጥያቄው ያስደስተኛል፤ የአባት ሰዓት መጠበቅ ይገባዋልና። ነገር ግን ያን ዋጋ የሰጠው የሞዴሉ ብርቅነት ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጋር ተዳምሮ ነው። በዴይቶና ዘመን አብረው ከተዘነጉት ሰዓቶች መካከል እጅግ ብዙዎቹ ዛሬም እንደተዘነጉ ናቸው።

ኳርትዝን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ የእጅ ጥበብን የሚሸጥ ቤት በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ላይ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የሮሌክስ ኦይስተርኳርትዝ እጅግ የተዋጣለት ሥራ ሆኖ ሳለ ከቤቱ ዋና ትረካ ውጭ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ስህተት ግን ልብን ያቆስላል። አንዳንድ ሻጮች የሚፈለገውን ሞዴል ለማግኘት መጀመሪያ ሌሎች፣ ብዙም የማይጠየቁ ሰዓቶችን መግዛት እንደሚረዳ በግልጽም በስውርም ያስረዳሉ። በዚህ መንገድ የወርቅ ሰዓት ገዝቶ፣ የፈለገው የብረት ሰዓት ሳይደርሰው፣ የወርቁን በብዙ ኪሳራ ለመሸጥ ወደ እኔ የመጣ ሰው አለ። ሰዓቱ በራሱ ግሩም ነበር፤ የገዛው ሰው ግን አንድም ቀን ወዶት አላሰረውም። ያልተዋወቀን ሰዓት ወዳችሁት ግዙ፤ የሌላ ሰዓት መግቢያ ትኬት አድርጋችሁ ግን አትግዙ።

በመጨረሻ፣ የማስታወቂያ መቀነስን የመቋረጥ ምልክት አድርገው የሚፈሩ አሉ። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሚልጋውስ የተባለውን ሞዴል ከዝርዝሩ ያወጣው፣ በዚያው ዓመትም የሴሊኒን ቦታ 1908 ለተባለው ሞዴል የሰጠው፣ ለገዢ ቀድሞ ሳያሳውቅ ነው፤ ስለዚህ ከማስታወቂያ ላይ ተነስቶ መገመት አያዋጣም። ቢቋረጥም ሰዓቱ ወላጅ አልባ አይሆንም፤ ፓቴክ ፊሊፕ ከተመሠረተበት ከ1839 ጀምሮ የሠራቸውን ሰዓቶች ሁሉ እንደሚጠግን ያስታውቃል። ሌሎች ቤቶች የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ለአምራቹ የጥገና ማዕከል ጻፉ፤ መለዋወጫው እስከ መቼ እንደሚቀርብና የሙሉ እድሳት ዋጋው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ።