ከ«እሺ» በስተጀርባ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ለአናሳ ማኅበረሰቦች እንዴት እንድረስ?

የስልክ አስተርጓሚ ነኝ። በአንዱ ጫፍ ነርስ፣ በሌላው ጫፍ በሽተኛ፣ መሃል ላይ እኔ። ኮቪድ በገባ ሰሞን ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ፋታ አይሰጥም ነበር። አብዛኛው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው። ምርመራዎ ቫይረሱን አሳይቷል፣ 14 ቀን ከቤት አይውጡ፣ ለብቻዎ ክፍል ይያዙ፣ መታጠቢያ ቤት ይለዩ።

አንድ ማታ ይህንኑ ለአንድ አባወራ ተረጎምኩለት። ዝም አለ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል፣ ሌላ ሰው ያስላል። ከዚያ «እሺ» አለ። ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ። ተስማማሁ ማለት አይደለችም፣ ስልኩን እንዝጋው ማለት ናት። ነርሷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልታልፍ ስትል አስፈቀድኳትና «ስንት ክፍል ነው ያላችሁ?» አልኩት። ሁለት። ስንት ሰው? ዘጠኝ። ከዘጠኙ ሁለቱ አዛውንት ናቸው። እሱ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ያጸዳል፤ የቀረበት ቀን አይከፈለውም።

ነርሷ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያው ሌላ ነገር እንፈልግ» አለች። አዛውንቶቹ ውስጠኛው ክፍል ይሁኑ። እሱ መስኮት ሥር ይተኛ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ቤት ውስጥም ማስክ አያውልቅ፣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ አይብላ። መታጠቢያ ቤቱን እሱ መጨረሻ ይጠቀምና ያጽዳው። ጊዜያዊ ማረፊያ እንዲፈለግለት ደግሞ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ጻፈች። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ በፈቃደኝነት ከጤና ባለሙያዎች፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከሠፈር ወጣቶች ጋር ስሠራ ቆይቻለሁ። የምጽፈው በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ቦታ ለምትገኙ ነው። ቫይረሱ ዘር አይመርጥም። ቤት፣ ሥራ፣ ቋንቋ፣ የመኖሪያ ወረቀትና አመኔታ ግን ለሁሉም እኩል አልተደለደሉም። አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁሉም ስትሰጡ፣ የሚደርሰው ቀድሞም ለተመቸው ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ጠይቁ

«እነሱ ለምን በብዛት ታመሙ?» ሲባል ብዙ ሰው መልሱን ከደም ወይም ከባህል ይጀምራል። እባካችሁ ከቤትና ከሥራ ጀምሩ። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በሜይ 2020 ባወጣው ስሌት፣ ዕድሜ ከግምት ገብቶ፣ ጥቁር ወንዶች በኮቪድ የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ 4.2 እጥፍ ነበር። የሚኖሩበት አካባቢ፣ ድህነቱ፣ የቤቱ ሁኔታና የመሳሰለው ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 1.9 ወረደ። ከልዩነቱ ብዙው ያለው ኑሮው ውስጥ ነው ማለት ነው። የቀረውም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ሲንጋፖርን ተመልከቱ። በ2020 መጀመሪያ በሽታው በቁጥጥር ሥር የዋለ መስሎ ነበር። ከዚያ የውጭ አገር ሠራተኞች ማደሪያ ገባ። አንድ ክፍል ውስጥ 12፣ አንዳንዴም 20 ሰው በተደራራቢ አልጋ ይተኛል። የዚያ ዓመት የአገሪቱ ሕሙማን እጅግ የሚበዙት ከእነዚህ ማደሪያዎች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በናቫሆ ነባር ሕዝብ ግዛት ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ የቧንቧ ውሃ የለውም። «እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» የሚል ፖስተር እዚያ ምን ይሠራል? መቅደም ያለበት ውሃው ነው።

ስለዚህ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ስንት ሰው በስንት ክፍል? ውሃ ከየት ነው? ሥራ ብትቀሩ ደመወዝ ይቆረጣል? ወደ ሥራ በምን ትሄዳላችሁ? ቤት ውስጥ አቅመ ደካማ አለ? መጨረሻ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ፦ ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈራችሁ ነገር አለ?

ይህችን የመጨረሻዋን መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲሰማት ልቡ ይመታል። ከመጠየቃችሁ በፊት መረጃው ማን ጋ እንደሚደርስና ማን ጋ እንደማይደርስ ራሳችሁ አረጋግጡ። ሳታውቁ «አትስጉ» አትበሉ። አንድ ሰው በእናንተ ቃል ተማምኖ ከተያዘ፣ ሠፈሩ በሙሉ ስልክ ማንሳት ያቆማል።

የተተረጎመ ሁሉ ደርሷል ማለት አይደለም

የመጀመሪያው በራሪ ወረቀታችን ላይ «ማኅበራዊ ርቀትዎን ይጠብቁ» ብለን ጻፍን። አንዲት እናት አነበቡትና «ዘመዶቼን ተቀያይሜ ልራቅ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የተረጎምነው ቃሉን እንጂ ነገሩን አልነበረም። ቀየርነው፦ «ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ቢዘረጉ ጣቶቻቸው እንዳይነካኩ ያህል ይራቁ»። ረዘመ፣ ግን ገባቸው።

ማንበብ የማይችሉ፣ ወይም ማንበብ ቢችሉም ወረቀት ከመንግሥት ሲመጣ የማይወዱ ብዙ ናቸው። ለእነሱ ድምፅ ይሻላል። ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት ሠርታችሁ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ልቀቁ። የሚናገረው ሰው በሠፈሩ የሚታወቅ ይሁን። መጀመሪያው ላይ ቀኑን ጥሩ፤ የድሮ መልእክት ከወራት በኋላም ሲዞር ይገኛል፣ መመሪያው ግን ተቀይሯል። ከመልቀቃችሁ በፊት ለሦስት ሰው አሰሙና «አሁን ለእኔ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» በሉ። «ገባዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «እሺ» ነው።

ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ። ቋንቋውን ከወላጆቹ ቀድሞ የለመደው ልጅ ስለሆነ ሁሉም ወደሱ ያያል። የአባቱን ሳንባ ነገር መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ሊሆን አይገባም። ልጁ መጥፎውን እያለሳለሰ እንደሚተረጉም ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልፈርድበትም።

ጁላይ 4 ቀን 2020 አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ ዘጠኝ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ። 3,000 ገደማ ነዋሪ ነበራቸው። ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱም ጥቂት አይደሉም። በራቸውን ሲከፍቱ ያገኙት ፖሊስ ነው። መመሪያውን በየቋንቋው ተርጉመው ለማዳረስ የተሯሯጡት የሠፈሩ ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የክፍለ ግዛቱ እንባ ጠባቂ፣ የድንገቱ መዘጋት የነዋሪዎቹን ሰብዓዊ መብት እንደጣሰ አሳወቀ። እነዚያ ወጣቶች ከመዘጋቱ በፊትም እዚያው ነበሩ። አንድ ቀን ቀድሞ የደወለላቸው አልነበረም።

ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ

ይህን ክፍል ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ብርሃንን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያነበው። በዲሴምበር 2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያሳየላቸውን በሽተኞች ደም ናሙና አመሳከረ። ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ የሚሆኑት እውነተኛ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ነበር። መሣሪያው «ደህና ናቸው» ሲል፣ ሰዎቹ ደህና አልነበሩም።

አንድ ጊዜ መስመር ላይ ነበርኩ። ሴትዮዋ አንድ ቃል ተናግራ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አንድ ቃል ተናግራ ትንፋሽ ትወስዳለች። ባሏ «94 ይላል» አለ። ከወዲያ በኩል «ጥሩ ቁጥር ነው» ተባለ። እኔ የተባለውን ከመተርጎም ውጭ ሥራዬ አይደለም። ግን ትንፋሿንም ተረጎምኩት፦ «ከቃል ወደ ቃል ለመሄድ ቆም እያለች ነው የምትተነፍሰው» አልኩ። አምቡላንስ ተላከ።

መሣሪያውን አትጣሉት፣ አጠቃቀሙን እወቁ። የጥፍር ቀለም ይነሳ፣ እጅ ይሙቅ፣ ሰውየው ተቀምጦ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠበቅ። ጤነኛ እያላችሁ ለክታችሁ ቁጥራችሁን ጻፉ። ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይናገራል፤ 98 የነበረ ሰው 94 ከሆነ ወርዷል። ለሐኪም ስትደውሉም እንዲህ በሉ፦ «ቁጥሩ ይህ ነው፣ ግን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶታል፣ ከንፈሩ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ደረጃ መውጣት አልቻለም»። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ካላማራችሁ፣ ሰውየውን እመኑ።

ስለ ቀብር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ አንድ ሰው «አባቴን ማን ያጥበዋል?» ያለኝ ነው። ስለ ሆስፒታል ወጪ አልጠየቀም። ስለ መንስኤው አልጠየቀም። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ብቻ ነበረች ያስጨነቀችው።

የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2020 ባወጣው መመሪያ፣ በተላላፊ በሽታ የሞተ ሰው የግድ መቃጠል አለበት የሚለው እምነት ትክክል እንዳልሆነ ጽፏል። ሆኖም ስሪላንካ ከዚያው ዓመት አፕሪል ጀምሮ አስከሬን ሁሉ እንዲቃጠል አስገደደች። ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆኑት ሙስሊሞች ዘመዶቻቸውን በእምነታቸው መሠረት መቅበር ተከለከሉ። ገና የ20 ቀን ሕፃን የተቃጠለባቸው ወላጆች ነበሩ። ክልከላው የተነሳው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። መንግሥት በይፋ ይቅርታ ለመጠየቅ የወሰነው በ2024። ሰው ቀብሩ እንደሚቀማ ከሰማ በሽተኛውን ይደብቃል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ከዚያ በፊት ታይቷል። ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ባናወጠበት በ2014 የሃይማኖት አባቶች የተሳተፉበት የቀብር መመሪያ ወጣ። ለሙስሊም ሟች ያለ ውሃ የሚደረግ ትጥበት ተካተተበት። ለክርስቲያኑም የጸሎት ጊዜ ተሰጠው።

እናንተም በሽታው ከመጠንከሩ በፊት ካህኑን፣ ሼኩን፣ ፓስተሩንና የጤና ባለሙያውን አንድ ላይ አስቀምጡ። አንድ በአንድ ተነጋገሩ። የግድ መንካት ያለበት ማን ነው? በመከላከያ ልብስ ሊያጥብ ወይም ሊገንዝ የሚሠለጥን ፈቃደኛ አለ? ቤተሰብ ፊቱን ከየት ሆኖ ያያል? ጸሎቱ በስልክ ቢሰማ ይበቃል ወይ? መልሱን ከእነሱ አፍ ቅረጹት። ከጤና መሥሪያ ቤት ከመጣ ትእዛዝ ይልቅ የሚያጽናናው እሱ ነው።

ስም አትለጥፉ

ወረርሽኝ ሲመጣ ጣት የሚቀሰርበት ሰው ይፈለጋል። በ1349 ወረርሽኝ ሲያስፈራ የስትራስቡርግ አይሁዶች ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው በእሳት ተፈጁ። በ2020 ደልሂ ውስጥ ከተደረገ አንድ የሙስሊሞች ጉባኤ በኋላ፣ ሕንድ ውስጥ በሽታው ሆን ተብሎ እንደተሰራጨ የሚናገር ወሬ ማኅበራዊ ሚዲያውን ሞላው። ሻጮች ሙስሊም ናችሁ ተብለው ተባረሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የውጭ ተሳታፊዎቹን ክስ ሰርዞ፣ የሌላው ጥፋት መሸከሚያ እንደተደረጉ ጽፏል።

ስለ ንክኪ ስታሳውቁ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ተናገሩ። «እሑድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ተመርመሩ» ይበቃል። የማን ጉባኤ እንደነበረ መጨመር ለምርመራው ምንም አይረዳም። ቴሌግራም ላይ «እነ እንትና ናቸው ያመጡት» የሚል ካያችሁ እዚያው ፊት ለፊት አትከራከሩ፣ ያሰራጨዋል። ለቡድኑ ኃላፊ በግል ጻፉ። ከዚያ ስሙ ለጠፋው ሰው ደውሉ። መደወሉን ሁላችንም እንረሳዋለን።

«አላምናችሁም» ሲሏችሁ

አትቆጡ፣ ምክንያት አላቸው። አሜሪካ ቱስኪጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው 400 ገደማ ጥቁር ወንዶች ሳይታከሙ ተጠንተዋል፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ጭምር። በ2009 የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ ማኒቶባ ያሉ የካናዳ ነባር ሕዝቦች የሕክምና ዕቃ ሲጠብቁ፣ ከመጣላቸው ጭነት ውስጥ የአስከሬን መያዣ ከረጢት ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ልጅም አይረሳም።

ክትባት ከመጣ ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ጾሜን ይሽራል? ከአሳማ የተወሰደ ነገር አለው? የሚወጋኝ ወንድ ነው ሴት? መልሱን አስቀድማችሁ ያዙ። የሃይማኖቱን ጥያቄ አዋቂው ይመልሰው፣ የሕክምናውን ሐኪሙ። ቦታውም ይናገራል፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ቅጥር ግቢ አላቸው። አሜሪካ ያለው የቼሮኪ ነባር ሕዝብ ክትባቱ በ2020 መጨረሻ ሲደርሰው፣ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩትን ከቀዳሚዎቹ ተርታ አሰለፈ። አዛውንቶቹ ከሄዱ ቋንቋውም ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል ከውጭ የመጣ ሰው አያስበውም ነበር።

ዝርዝሩ

ያልተቆጠረ ሰው አይታይም። ፈረንሳይ በቆዳ ቀለምና በዘር አትቆጥርም፣ የትውልድ አገርን ግን ትመዘግባለች። የስታቲስቲክስ ተቋሟ የማርችና የአፕሪል 2020ን ሞት ከ2019 ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲያነጻጽር፣ ፈረንሳይ የተወለዱት ላይ 22 በመቶ፣ ከሰሃራ በታች አፍሪካ የተወለዱት ላይ 114 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሠፈራችሁ ውስጥም እንዲህ ያለ መንገድ ፈልጉ፦ የቋንቋ ምርጫ፣ የሕንፃ ቁጥር፣ የሥራ ዓይነት። ስም ሳይጠራ ድምሩ ብቻ ይበቃል።

እና አሁን፣ ምንም ሳይመጣ፣ አንድ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጻፉ። በየቋንቋው አንድ ሁለት ሰው፣ ከየእምነቱ አንድ፣ ከየሕንፃው አንድ። በየስድስት ወሩ ደውሉላቸው። ባለፈው ስደውል ሁለቱ ቁጥር ቀይረዋል። በራሪ ወረቀታችንን ያረሙልኝ እናት አርፈዋል። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። «የእናቴን ስም አትሰርዙት፣ ከጎኑ የኔን ጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩት።